የተከለከሉ እጆች ሥራ፦ የአሮጌው ጎዋ የክርስቲያናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በሂሳዊ ዳሰሳ

በ1567 ሕንድ ውስጥ ጎዋ ላይ የተሰበሰበው የመጀመሪያው የጳጳሳት ጉባኤ ካወጣቸው ድንጋጌዎች አንዱ፣ ክርስቲያኖች ሥዕለ ቅዱሳንንም ሆነ ሌላ ንዋየ ቅድሳትን ለሂንዱ ባለእጆች ሰጥተው እንዳያሠሩ ይከለክል ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1540ዎቹ፣ የፖርቱጋሉ ንጉሥ ሦስተኛ ዡዋው ሂንዱ ሠዓሊዎች የክርስቶስንና የእመቤታችንን ሥዕል እየሠሩ እንዳይሸጡ ትእዛዝ ልከው ነበር። ሕግ የሚደጋገመው ሳይከበር ሲቀር ነው። ያልተከበረበትም ምክንያት ግልጽ ነው። በየመንደሩ ቤተ ክርስቲያን እየታነጸ፣ እያንዳንዱም መንበር፣ መስቀል፣ ጽዋ፣ መቅረዝና የቅዱሳን ምስል እየፈለገ ሳለ፣ ብሩን የሚያነጥረው፣ እንጨቱን የሚጠርበው፣ የዝሆን ጥርሱን የሚፈለፍለው የአገሬው ሰው ነበር። ጥበቡም ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ የቤተሰብ ሙያ ነበር። የሊዝበን መርከብ ቀራጺ ጭኖ እስኪመጣ የሚጠብቅ ሰበካ አልነበረም።

ዛሬ በአሮጌው ጎዋ፣ በቅድስት ሞኒካ ገዳም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በሚገኘው የክርስቲያናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የምናያቸውን ዕቃዎች ከዚህ ድንጋጌ ነጥሎ ማየት አይቻልም ብዬ አምናለሁ። ስለ ጎዋ ቤተ ክርስቲያናዊ ጥበብ በብዛት የሚጻፈው ስለ ሁለት ዓለማት መገናኘት፣ ስለ ሕንድና ስለ አውሮፓ መዋሃድ ነው። አባባሉ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን የተዋሐዱት ሁለቱ ወገኖች በምን አቅም እንደተገናኙ፣ ማን አዛዥ ማን ታዛዥ እንደነበረ፣ ማን ስሙ ተጽፎ ማን እንደተረሳ ሳይነገር ውበቱ ብቻ ሲነገር፣ ውበቱ የአድራጊዎቹ ፈቃድ ማስረጃ ተደርጎ ይቆጠራል። ይህ ዳሰሳ የሚከራከረው ይህንኑ ነው።

መጀመሪያ ቦታው። አፎንሶ ደ አልቡከርክ ጎዋን በ1510 በኅዳር ወር፣ በቅድስት ካትሪና ዕለት ከቢጃፑር ሱልጣኖች እጅ ከያዘ በኋላ፣ በማንዶቪ ወንዝ ዳር ያለችው ከተማ፣ የዛሬዋ አሮጌ ጎዋ፣ ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ እስከ ማካው ለተዘረጋው የፖርቱጋል ግዛት መናገሻ ሆነች። አሁን ከዚያች ከተማ የቀሩት ከሞላ ጎደል አብያተ ክርስቲያናቷ ብቻ ናቸው። የቅድስት ካትሪና ካቴድራል ከሁለት ማማዎቹ አንዱ በ1776 ወድቆበት በአንዱ ቆሟል። የቦም ጄሱስ ባሲሊካ በ1950ዎቹ ኖራው ተልጦ ቀይ ድንጋዩ ተጋልጧል። የአውጉስጢኖሳውያኑ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ጣሪያው በ1842 ተደርምሶ፣ ከማማው ግማሹ ብቻ 46 ሜትር ሽቅብ ተመዝዞ ቀርቷል። ዩኔስኮ እነዚህን አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት በ1986 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። ከተማዋ ሕዝቧ በወረርሽኝ ተመናምኖ፣ መንግሥቱም በ1843 ወደ ፓንጂም ተዛውሮ፣ ቤት የሌለባት የቤተ እግዚአብሔር ከተማ ሆነች።

ከአውጉስጢኖሳውያኑ ፍርስራሽ ፊት ለፊት ያለው የቅድስት ሞኒካ ገዳም ባለ ሦስት ፎቅ፣ ግዙፍ ደጋፊ ግንቦች ከጎን የያዙት ሕንፃ ነው። ከ1606 እስከ 1627 ታንጾ፣ በ1636 በእሳት ተቃጥሎ፣ ወዲያው ታድሷል። በፖርቱጋል የምሥራቅ ግዛት የተመሠረተ የመጀመሪያው የሴቶች ገዳም ነው። መሥራቹ የጎዋው ሊቀ ጳጳስ፣ አውጉስጢኖሳዊው አሌሾ ደ ሜኔዝሽ ናቸው። የእኒህ ሰው ስም ለኬረላ ክርስቲያኖችም ለእኛም ባዕድ አይደለም። በ1599 በዲያምፐር በጠሩት ሲኖዶስ የቅዱስ ቶማስ ክርስቲያኖች ለሮም እንዲገዙ አደረጉ፤ መናፍቅነት አለባቸው የተባሉትንም የሱርስት መጻሕፍት በእሳት አስፈጁ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብለው፣ በ1598፣ መልኪዮር ዳ ሲልቫ የተባለ በትውልዱ ብራህማን የሆነ የጎዋ ካህን ወደ ኢትዮጵያ ልከዋል፤ በትግራይ ፍሬሞና ለነበሩት፣ ካህን አልቆባቸው ለቀሩት የፖርቱጋላውያን ልጆች እንዲያገለግል። ሙዚየሙን የያዘው ሕንፃ እንግዲህ የተመሠረተው መጽሐፍ ባቃጠለና ገዳም ባነጸ በአንድ እጅ ነው። ሁለቱን ሥራዎች አሌሾ ደ ሜኔዝሽ በአንድ እምነት እንደሠሯቸው መካድ አይገባም።

በገዳሙ የኖሩት ሴቶች ነገር ለብቻው ሰፊ ጥናት የሚሻ ነው። ወደ ገዳሙ የሚገቡት በአብዛኛው ጥሎሽ ሊከፍል የሚችል የፖርቱጋላውያን ቤተሰብ ልጆችና መበለቶች ነበሩ። ይህም የከተማውን ምክር ቤት አስቆጥቶ፣ የሀብታም ልጆች ከነጥሎሻቸው ወደ ገዳም እየገቡ ለትዳር የሚቀር የለም የሚል አቤቱታ እስከ ሊዝበን ደርሷል። በ1834 በፖርቱጋል የተነሣው መንግሥት ገዳማትን ሲዘጋ የወንዶቹ ወዲያው ተበተኑ። ሴቶቹ ግን አዲስ እንዳይቀበሉ ተከልክለው ባሉበት እንዲያልቁ ተተዉ። የመጨረሻዋ መነኩሲት የሞቱት በ1885 ነው። ለግማሽ ምዕት ዓመት አንዷ ሌላዋን እየቀበረች የጠበበ ማኅበር፣ ቤቱ ሙዚየም መሆኑን ቢያይ ምን ይል እንደነበር መገመት ያስቸግራል። ከኖራው ሥር የተገኙት የግድግዳ ሥዕሎች ግን እነዚያ ሴቶች ባዶ ግድግዳ ሥር እንዳልጸለዩ ይመሰክራሉ።

ሙዚየሙ ራሱ የተጀመረው እዚህ አይደለም። በ1994 በደቡብ ጎዋ በራሾል መንፈሳዊ ትምህርት ቤት ተከፍቶ፣ በ2002 ወደ ቅድስት ሞኒካ ተዛወረ፤ ከረጅም እድሳት በኋላም በ2022 ዳግም ተከፈተ። ዕቃዎቹ ከየሰበካው ቤተ ክርስቲያን፣ ከገዳማትና ከክርስቲያን ቤተሰቦች የተሰባሰቡ ናቸው። ሲመሠረትም ሲታደስም በሊዝበን የሚገኘው የካሉስት ጉልቤንኪያን ፋውንዴሽን እጁ አለበት። ጎዋ ከፖርቱጋል እጅ የወጣችው በታኅሣሥ 1961 በሕንድ ጦር ነው። ያንን ዘመን የሚያሳየው ስብስብ ከቀድሞው ገዢ ከተማ በመጣ ገንዘብ መጠበቁ ነውር የለበትም፤ እንዲያውም ያለዚያ ድጋፍ ብዙው በምስጥና በእርጥበት ባለቀ ነበር። ሆኖም እንዲህ ያለ ትብብር የጋራ ቅርስን ቋንቋ መምረጡ የሚጠበቅ ነው፤ ሃያሲ ደግሞ ይህን ቋንቋ መመርመር ሥራው ነው።

ለምርመራው ከሁሉ የሚሻለው የጎዋን ጥበብ ያስጠራው የዝሆን ጥርስ ቅርጽ፣ ‹መልካሙ እረኛ› የሚባለው ነው። በጎዋ ስብስቦችም በሊዝበንና በለንደን ሙዚየሞችም ብዙ አቻዎች አሉት፤ የአንዱ አሠራር የሌላው ነው። ቁመቱ ከክንድ የማይበልጥ ተራራ ነው። ከጫፉ ላይ ሕፃኑ ኢየሱስ ተቀምጧል። የለበሰው የበግ ለምድ በጥቃቅን ጨረቃማ ጭረቶች ተሸልሟል፤ ከወገቡ የውኃ ቅል ታጥቋል፤ አንድ በግ በትከሻው፣ ሌላው በጭኑ ላይ ነው። እግሩን አጣምሮ፣ ራሱን በቀኝ እጁ ጣቶች ደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኗል። ሥሩ ከምንጭ የሚጠጡ በጎችና ወፎች ደረጃ በደረጃ ይወርዳሉ። ከታች፣ በዋሻ ውስጥ፣ መግደላዊት ማርያም በክንዷ ተደግፋ መጽሐፍ ታነባለች። የቀራጺው መፈልፈያ የበጎቹን ጸጉርና የድንጋዩን ስንጥቅ በአንድ ትዕግሥት ነው የሠራቸው። ዝሆን ጥርሱ ጠመም ያለ በመሆኑ ተራራው ራሱ በትንሹ ያዘነብላል። ቀራጺው ይህን ጉድለት አልሸሸገም፤ ሕፃኑ ወደሚያዘነብልበት አቅጣጫ አድርጎ ተጠቅሞበታል።

የተዘጉት ዓይኖችና የተጣመሩት እግሮች ብዙ ተመራማሪዎችን ወደ ቡድሃ ምስል መርተዋል። አንዳንዶች ቅርጹን የቡድሃ ጽሞና በክርስቶስ አካል የተገለጠበት አድርገው ያነቡታል። እኔ በዚህ ንባብ ላይ ጥርጣሬ አለኝ። በጎዋና በአካባቢው ቡድሂዝም በ16ኛው ምዕት ዓመት ሕያው እምነት አልነበረም፤ ምሳሌ ይሆን የነበረው የስሪላንካ ቀራጺዎች ሥራ ነው። የስሪላንካ ዝሆን ጥርስ ቀራጺዎች ቀድመው ለፖርቱጋላውያን ይሠሩ ስለነበር የአቀማመጡ መንገድ በዚያ በኩል መምጣቱ የሚያስኬድ ነው። ያም ሆኖ መልክ በአንድ ቦታ መገኘቱ ትርጉሙ አብሮት ተጉዟል ማለት አይደለም። እረኛ በጎቹ ሲሰማሩ እንቅልፍ ይወስደዋል። ‹እኔ ተኝቻለሁ ልቤ ግን ነቅታለች› የሚለውን የመኃልየ መኃልይ ቃል የሚያውቅ አውሮፓዊ ሰባኪም ያንን የተኛ ሕፃን ቡድሃን ሳያስብ ሊያዝዝ ይችል ነበር። ከየትኛውም ወገን ቢመጣ፣ ከቅርጹ ውስጥ የቀራጺውን እምነት ማውጣት አንችልም። ሊወጣ የሚችለው የእጁ ትምህርት ነው፤ ይኸውም ጌጥን በረድፍ መደርደር፣ ቦታን ባዶ አለመተው፣ እንስሳን በፍቅር መሥራት ነው።

ጥሬ ዕቃውም ሊነበብ ይገባዋል። የምሥራቅ አፍሪካ ዝሆን ጥርስ ከሕንዱ ይልቅ ትልቅና ለመቅረጽ የሚመች በመሆኑ በገበያ ይመረጥ ነበር። ወደ ጎዋ የሚደርሰው ከሞዛምቢክ ጠረፍ በሚነሱ መርከቦች ነው። እነዚያው መርከቦች ባሪያም ይጭኑ ነበር። የጎዋ ቤተሰቦችና ገዳማት አፍሪካውያን ባሪያዎች ነበሯቸው፤ ከቀይ ባሕር በኩል የሚሸጡ ሐበሾችም ከነሱ መካከል ይገኙ ነበር። ‹ኢንዶ ፖርቱጋላዊ› የሚለው የተለመደ የመደብ ስም አፍሪካን ከነአካቴው ያስወጣታል። ነጩ ተራራ የተፈለፈለበት ነገር ግን ከአፍሪካ የመጣ ነው። ሦስተኛዋን ወገን ሳይቆጥር ስለ ሁለት ዓለማት መገናኘት የሚናገር ትረካ ሒሳቡ ጎዶሎ ነው።

በዚሁ ሙዚየም የጎብኚን ዓይን ከሩቅ የሚይዘው ግን ‹ፔሊካን› የተባለው ሥራ ነው። ሉል ቅርጽ ያለው ማኅደር ላይ ወፊቱ ክንፏን ዘርግታ ቆማለች፤ ቅዱስ ቁርባኑም ከደረቷ ላይ ለምእመናን ይታያል። ልጆቿን በደሟ የምታድን ወፍ የክርስቶስ ምሳሌ መሆኗ ለእኛ አንባቢዎች አዲስ ትምህርት አይደለም፤ ከጽርዕ ወደ ግእዝ በጥንት ዘመን የተመለሰው ‹ፊሳልጎስ› ይተርከዋል። ሕንዳዊው አንጥረኛ ከፖርቱጋላዊው ካህን ትእዛዝ ተቀብሎ የሠራው ምሳሌ፣ በአክሱም ዘመን የኢትዮጵያ ተርጓሚዎች ያነበቡት የግሪክ ምሳሌ መሆኑ፣ የክርስቲያን ምሥራቅ ምን ያህል ሰፊ እንደነበር ያሳያል። ይህች ወፍ ግን የተሠራችው ለአንድ ደቂቃ ነው፤ ካህኑ ሥጋውን አኑሮ ሕዝቡ በሚሰግድበት ደቂቃ። አሁን ደረቷ ባዶ ሆኖ በመስታወት ውስጥ ናት። በዙሪያዋ ስንዞር ጀርባዋን ሳይቀር እናያለን፤ ጀርባዋን ምእመን ፈጽሞ አያየውም ነበር።

ይህ በቤተ ክርስቲያን የተከለለ ሙዚየም ሁሉ የሚገጥመው ጥያቄ ነው። በእኛ አገር ዕቃ ቤቱ ተከፍቶ ለጎብኚ የሚታይባቸው አድባራት ያሉ ሲሆን፣ ንዋየ ቅድሳቱ ግን ብዙ ጊዜ በበዓሉ ቀን ወጥቶ አገልግሎቱን ይቀጥላል፤ ካህኑ ጠባቂም አገልጋይም ነው። በቅድስት ሞኒካ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። የገዳሙ ቤተ ክርስቲያን ከሕይወቱ ሁሉ የተገለለ አይደለም፤ በ1636 ደም አነባ፣ ዓይኑን ገለጠ ተብሎ የሚነገርለት ተአምረኛው መስቀል አሁንም ምእመን ይሳለመዋል። ስለዚህ በአንድ ጣሪያ ሥር አንዱ ምስል ይጸለይበታል፣ ሌላው ይታያል። ይህን ልዩነት ሙዚየሙ ሊያጠፋው አይገባም፤ ጎብኚው የቱን ድንበር እንደተሻገረ እንዲያውቅ ማድረጉ ግን የአስተዳዳሪዎቹ ኃላፊነት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር። ድንጋጌው በወጣበት በ1560ዎቹ በሳልሴትና በባርዴዝ አውራጃዎች ቤተ መቅደሶች እየፈረሱ ነበር። የኢንኩዊዚሽን (የሃይማኖት ምርመራ) ችሎት በ1560 ተቋቁሞ፣ በመሀል ለአጭር ጊዜ ከመቋረጡ በቀር፣ እስከ 1812 ሠርቷል። ከቤተ መቅደሶቹ አማልክታቸውን ያዳኑ ማኅበረሰቦች በሌሊት ተሸክመው ወንዝ ተሻገሩ። የኮርታሊሙ ማንጌሽ የዙዋሪን ወንዝ አልፎ ወደ ፕሪዮል፣ ሻንታዱርጋም ወደ ካቭሌም ተሰደዱ፤ ሁለቱ ቦታዎች ያሉባት ፖንዳ ያኔ በፖርቱጋል ሥር አልነበረችም። ዛሬም ሁለቱ ታላላቅ ቤተ መቅደሶች እዚያው ናቸው። ወደ አሮጌው ጎዋ መስቀል ለመሥራት የሚመጣው አንጥረኛ፣ አማልክቱ ከወንዙ ማዶ በስደት ያሉበት ሰው ሊሆን ይችላል። የፈረሰበትን የቤተ መቅደስ ጌጥ የሚያውቅ እጅ የአዲሱን መንበር ጌጥ ሠርቷል።

ይህን ሐሳብ ይዘው አንዳንዶች ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ይሄዳሉ። በጎዋ አብያተ ክርስቲያናት የመስበኪያ ሰገነቶችን ተሸክመው የሚታዩትን፣ ከወገባቸው በላይ ሰው ሆነው ታችኛው አካላቸው በቅጠልና በጅራት የሚጠቀለለውን ሴቶች፣ የእባብ አማልክት ናጊኒ ናቸው፣ የቀራጺዎቹም ድብቅ ዓመፅ ናቸው ይሏቸዋል። ይህም ለእኔ የተፈለገን ነገር ማግኘት ነው። የአውሮፓ ባሮክ ጥበብም ጅራቷ የዓሣ የሆነ ሴትና ቅጠል ለባሽ ሴት ያውቃል፤ ያዘዘው ካህን አንዱን፣ የሠራው አናጢ ሌላውን ዓይቶ ሁለቱም ደስ ሊላቸው ይችላል። ዓመፅ ነው ለማለት የአድራጊውን ቃል ማግኘት ያስፈልጋል፤ ያ ቃል የለንም። ፈቃደኛ ነበር ለማለትም ያው ቃል ያስፈልጋል። የምናውቀው የሚበቃ ነው፦ ቤተ ክርስቲያኒቱ በማታምነው እጅ ላይ ተደግፋ ነበር፤ ያ እጅ ደግሞ ኑሮውን ባፈረሰበት ኃይል ገንዘብ ይኖር ነበር። ይህን ግንኙነት ‹ውሕደት› ብሎ መጥራት ከሁለት አንዱን ወገን ያስረሳል።

በቦም ጄሱስ ባሲሊካ ይህ በግልጽ ይታያል፤ ሙዚየሙን ያየ ሰው ወደዚያ መውረዱ አይቀርምና ሁለቱን አያይዞ ማየት ይገባል። የቅዱስ ፍራንሲስ ዣቪየር አጽም ያረፈበት መቃብር ሁለት ክፍል አለው። ታችኛው የእብነ በረድ መሠረት ከፍሎረንስ የመጣ ነው። የቶስካናው መስፍን ሦስተኛ ኮዚሞ ደ ሜዲቺ የቅዱሱ ራስ ያረፈበትን ትራስ ተቀብሎ በምላሹ የላከው ሲሆን፣ የቀራጺው ስም ጆቫኒ ባቲስታ ፎጂኒ መሆኑን፣ በ1698 መተከሉንም ሁሉም መጽሐፍ ያወሳል። ከላይ ያለው፣ አጽሙን የያዘው የብር ሣጥን በ1636 እና 1637 እዚያው ጎዋ በአገሬው አንጥረኞች የተሠራ ነው። የቅዱሱን ሕይወት በተነቀሱ ትናንሽ ሰሌዳዎች የሚተርክ፣ በማይታመን ትዕግሥት የተሠራ ነው። ስለ እሱ ስንጠይቅ የምናገኘው ያሠራውን የኢየሱሳዊውን የማርቼሎ ማስትሪሊን ስም ነው። ቅዱሱን የነካው ብር ‹የጎዋ አንጥረኞች ሥራ› ተብሎ ያልፋል፤ ቅዱሱን ያልነካው እብነ በረድ ግን ፊርማ አለው። የዓለም ጥበብ ታሪክ ይህን ልዩነት ለረጅም ጊዜ እንደ ተፈጥሮ ተቀብሎታል።

ይህን ሁሉ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ለምን ይከታተለው? ጎዋ ለእኛ ሩቅ ስም አይደለችም። የእቴጌ እሌኒ መልእክተኛ ማቴዎስ በ1512 ወደ ጎዋ ደርሶ የያዘውን የዕፀ መስቀል ቁራጭ አልቡከርክ በሰልፍ ተቀብሏል። ለኢትዮጵያ ፓትርያርክ ተብለው የተሾሙት ዡዋው ኑኔሽ ባሬቶ ኢትዮጵያን ሳያዩ በ1562 ጎዋ ሞቱ። ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ ከጎዋ ተነሥቶ፣ በመንገድ ተይዞ ሰባት ዓመት በየመን ታስሮ፣ በ1603 ኢትዮጵያ ገባ። አፄ ሱስንዮስ በ1626 ለሮም መገዛታቸውን ያወጁላቸው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴስም፣ ንጉሡ በ1632 ሃይማኖት ይመለስ፣ ልጄ ፋሲል ይንገሥ ካሉ በኋላ ተባረው፣ ከብዙ ስቃይ በኋላ ጎዋ ደርሰው በዚያው በ1656 ዐረፉ። ኖራን ለግንብ የማዋል ጥበብ ከሕንድ በመጡ ሰዎች እጅ እንደገባ የኢየሱሳውያኑ ጽሑፎች ይናገራሉ፤ በ1648 ጎንደርን ያየው የየመኑ መልእክተኛ ሐሰን አል ሃይሚም የአፄ ፋሲልን ቤተ መንግሥት የሠራው ሕንዳዊ ግንበኛ መሆኑን ጽፏል።

ሥዕልም በዚያው መንገድ መጣ። የሮማው የሳንታ ማሪያ ማጆሬ የእመቤታችን ሥዕል፣ ኢየሱሳውያን ወደየአገሩ ይዘውት የሚዞሩት ቅጂ፣ ወደ ጎዋም ወደ ኢትዮጵያም ደርሷል። አንትወርፕ በ1593 የታተመው የኢየሱሳዊው ናዳል የወንጌል ሥዕሎች መጽሐፍም እንደዚሁ። ሚስዮናውያኑ ሲባረሩ ሥዕሎቹ ግን አልተባረሩም። የጎንደር ሠዓሊዎች ያንን የሮማ ሥዕል ወስደው የራሳቸው አደረጉት። የተጣመሩት እጆች፣ ሁለት የተዘረጉ ጣቶች፣ በግራ እጇ የያዘችው መሐረብ፣ ሕፃኑ የያዘው መጽሐፍ ሁሉ ቀሩ። ሚካኤልና ገብርኤል ሰይፋቸውን መዝዘው ግራና ቀኝ ቆሙ፤ ልብሱም ዓይኑም የአገር ቤት ሆነ። ያ ሥዕል ከሮማ የመጣ መሆኑን የረሳ ምእመን የእኔ ነው ብሎ ሰገደለት፤ እውነቱንም ነው።

የጎዋና የጎንደር ሥዕሎች ከአንድ ምንጭ ተነሥተው የተለያዩት እዚህ ነው። ጎንደር ላይ ሠዓሊው ለራሱ ቤተ ክርስቲያን ይሠራ ነበር፤ ያስደሰተውን ወስዷል፣ ያላስደሰተውን ጥሏል፣ የሚከለክለው ጉባኤም ሆነ የሚያባርረው ችሎት ከሊዝበን አልነበረበትም። ጎዋ ላይ የመምረጥ ሥልጣን የአዛዡ ነበር። ሁለቱን ሥራዎች ጎን ለጎን ብናስቀምጥ ሁለቱም ‹የተዋሐደ ጥበብ› ይመስላሉ፤ በዓይን ብቻ ልዩነቱ አይገኝም። ግን የእኛ ታሪክ ለኩራት ብቻ የሚቀርብ አይደለም። የጎንደርን ግንቦች ከሠሩት መካከል ቤተ እስራኤላውያን ግንበኞችና አንጥረኞች ነበሩ። ሠርተው ያበቁ እጆች ‹ጠይብ›፣ ‹ቡዳ› እየተባሉ ከማዕድ የተለዩበትን ዘመን የሚናገር ሙዚየም እኛም ገና አላቆምንም። የተናቀ እጅ የከበረ ነገር መሥራቱ ለጎዋ ብቻ የተለየ ነገር ባለመሆኑ ነው ጥያቄው የእኛም የሆነው።

ከሙዚየሙ በር ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ በአውጉስጢኖሳውያኑ ፍርስራሽ ውስጥ፣ የሕንድ የሥነ ቁፋሮ ባለሙያዎች የጆርጂያዋን ንግሥት ኬቴቫንን አጽም ፈልገው አግኝተዋል። ኬቴቫን በ1624 በሺራዝ፣ በሻህ አባስ ትእዛዝ እምነቷን አልክድም ብላ የተገደለች ናት፤ ከአጽሟ የተወሰነውን አውጉስጢኖሳውያን ወደ ጎዋ አምጥተው አኑረውት ነበር። የዘር ምርመራ ተደርጎ ማንነቱ ከተረጋገጠ በኋላ፣ በ2021 የሕንድ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ከነክብሩ ለጆርጂያ አስረክቧል። ለአንዲት ንግሥት አጥንት ይህን ያህል ልፋት መደረጉ ተገቢ ነው። ያው ልፋት ለአንጥረኞቹም ሊደረግ ይችላል። የጎዋ መዛግብት የማኅበራትንና የሰበካዎችን የሒሳብ መጻሕፍት ይዘዋል፤ ለአንጥረኛ፣ ለአናጢና ለቀቢ የተከፈለው ገንዘብ የሚመዘገበው በእነዚህ ነው። በዚያ ገጽ ላይ የሚገኝ አንድ ስም ከቅርጹ አጠገብ ባለው ጽሑፍ ላይ ሊወጣ ይገባዋል። ስም ያልተገኘለት ሥራ ካለም፣ ከመልካሙ እረኛ ጎን በትልቅ ፊደል የ1567ቱ ድንጋጌ ይሰቀል፤ ጎብኚው ያንን ነጭ ተራራ ሲያይ እንዳይሠራው የተከለከለው ሰው እንደሠራው ይወቅ።